አበል የሌለው ስልጠና

እኛ ሙያ ውስጥ «ስልጠና መጣ» ሲባል መጀመሪያ የሚጠየቀው ርዕሱ አይደለም። «የት ነው?» ይባላል። ቀጥሎ «ስንት ቀን ነው?» ይመጣል። ከዚያ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ «አበሉስ?» ይባላል። ርዕሱን ብዙ ጊዜ የምናውቀው አዳራሹ በር ላይ ከተሰቀለው ባነር ነው።

በማንም አልፈርድም። የእንስሳት ጤና ባለሙያ ደመወዝ ስንት እንደሆነ ለማያውቅ ሰው አበል ማሳደድ ስግብግብነት ሊመስለው ይችላል። ለሚያውቅ ግን የልጅ ዩኒፎርምና የቤት ኪራይ ነው። የእኔ ቅሬታ ሌላ ነው። ስልጠና የሚሄደው ሰውና መርፌ የሚይዘው ሰው አንድ አይደለም።

እኔ የእንስሳት ጤና ረዳት ነኝ። መንዝ ውስጥ፣ ከሞላሌ ራቅ ባለ የቀበሌ ክሊኒክ ነው የምሠራው። በዲፕሎማ ተቀጥሬ በኋላ በክረምት ትምህርት ዲግሪዬን ይዣለሁ። አገሬው ግን ይህን ሁሉ አይቆጥርም። ቴክኒሽያን ሁን፣ ረዳት ሁን፣ ዩኒቨርሲቲ ስድስት ዓመት የፈጀ ሐኪም ሁን፣ ጋዋን ከለበስክ «ዶክተር» ነህ። ሥራ ስጀምር «እኔ ዶክተር አይደለሁም» እያልኩ አስተካክል ነበር። አንድ አባት «ልጄ፣ በጌ እንደሆነ ወረቀት አትጠይቅሽም» ብለው ገላገሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ሌሊት በምጥ የተያዘችው በግ ዘንድ የሚደርሰው ቅርብ ያለው ሰው ነው። መንዝ ላይ ቅርብ ያለው ሰው ደግሞ በአብዛኛው ረዳት ወይም ቴክኒሽያን ነው። የስልጠና ደብዳቤው ግን ቢሮ ነው የሚገባው። ቢሮ ያለው ሰው ደብረ ብርሃን ወይም ቢሾፍቱ ይሄዳል፣ ቦርሳና ፍላሽ ይዞ ይመለሳል፣ ከዚያ «ወደ ታች ይወርዳል» ይባላል። አወራረዱን አይቻለሁ። ከወራት በኋላ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ስላይድ ኮፒ ተደርጎ ይደርሰናል። ስላይዱ ላይ ያለችው ላም ጡቷ መሬት ሊነካ የደረሰ፣ ጥቁርና ነጭ የውጭ ዝርያ ናት። እኔ የማክመው የመንዝ በግ ነው። ጸጉሩ ለባና የሚፈተል፣ ብርድ የለመደ፣ አድጋ የወለደችዋ እናት እንኳ ከ25 ኪሎ ብዙም የማታልፍ።

ከተወሰነ ጊዜ በፊት አንድ ወጣት ሐኪም ወደ እኛ አካባቢ ተመደበ። የአጎራባች ቀበሌ ባለሙያዎችን ጠርቶ «ከገበያ ቀን በኋላ አንድ ላይ ብንቀመጥስ?» አለ። አበል የለም። ቡናው በመዋጮ ነው፣ ቆሎው ከየቤታችን ነው። ስላይድ አይፈቀድም። የሚፈቀደው ሦስት ነገር ነው፦ የክሊኒክ መዝገብ፣ ባዶ የመድኃኒት ጠርሙስ ከነጽሑፉ፣ እና «ይሄ ነገር አልገባኝም» የሚል ጥያቄ። የእንስሳት መድኃኒት ቤት ያለው አንድ ወንድማችንም ይመጣል። መጀመሪያ የመንግሥት ሠራተኞቹ ደስ አላላቸውም ነበር። አሁን እሱ ሲቀር ነው የምንቆጣው፣ ምክንያቱም ገበሬው ምን እየገዛ እንደሆነ ከሁላችንም በፊት የሚያውቀው እሱ ነው።

የመጀመሪያው ቀን ጉዳይ ኦክሲቴትራሳይክሊን የሚባለው አንቲባዮቲክ ነበር። ገበሬው «ቢጫዋ» ይላታል። ለሳልም ቢጫዋ፣ ለተቅማጥም ቢጫዋ፣ ለሚያነክሰውም ቢጫዋ። አንዳንዱ ክሊኒክ ሲገባ በሽታውን አይነግርህም፣ «ቢጫዋን ውጊልኝ» ነው የሚለው። ሁላችንም የያዝነውን ጠርሙስ ጠረጴዛ ላይ ደረደርን። ሁለት ዓይነት ሆነ። አንዱ 10 በመቶ፣ ሌላው 20 በመቶ ሆኖ ረጅም ጊዜ የሚሠራ የሚል የተጻፈበት። ሐኪሙ ጠየቀ፦ «250 ኪሎ ለሚመዝን በሬ ከዚህ ስንት ሚሊ፣ ከዚያስ ስንት?»

ሂሳቡ እንዲህ ነው። 10 በመቶው በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ 100 ሚሊ ግራም አለው፣ የሚሰጠውም በኪሎ 10 ሚሊ ግራም ነው። 20 በመቶው በአንድ ሚሊ ሊትር 200 ሚሊ ግራም ይዟል፣ የሚሰጠው ግን በኪሎ 20 ሚሊ ግራም ነው። ስለዚህ ሁለቱም 25 ሚሊ ይመጣሉ። ቀለማቸው ያው፣ ስሪንጁ ያው፣ መጠኑ ያው። የሚለያዩት አንዱ በማግስቱ መደገም ያለበት መሆኑ ላይ ነው፣ ሌላው እስከ ሦስት ቀን ይቆያል። 10 በመቶውን ተወግቶ «ከሦስት ቀን በኋላ አምጣው» የተባለ በሬ አንድ ቀን ታክሞ ሁለት ቀን ያለ መድኃኒት ይከርማል። ተህዋሲያኑ ደግሞ ይህን ዕረፍት ነው የሚፈልጉት። ከመድኃኒቱ ጋር የሚላመዱት በዚህ በዚህ ነው።

ይህን ትምህርት ቤት አልተማርንም ወይ? ተምረናል። ሁላችንም ፈተናውን አልፈናል፣ የብቃት ምዘናውንም (ሲኦሲ) ወስደናል። ግን ትምህርት ቤት የተማርነው የመድኃኒቱን ስም፣ ወገንና አሠራር ነበር። ሁለት ጠርሙስ ጎን ለጎን አቁሞ «ገበሬው ሦስት ሰዓት በእግሩ ከሚመጣበት አገር የትኛውን ትመርጣለህ?» ብሎ የጠየቀን የለም። መልሱ ሲጠየቅ ግልጽ ነው። ነገ ተመልሶ መምጣት ለማይችል ሰው ረጅሙ ይሻላል። የምትታለብ ላም ከሆነች ደግሞ ወተቱ ለስንት ቀን እንደማይጠጣ ጠርሙሱ ላይ ያለውን አንብበህ ትነግረዋለህ። መድኃኒት ቤት ያለው ወንድማችን የዚያን ዕለት ማታ መደርደሪያው ላይ ሁለቱን ለያይቶ አስቀመጠ፣ በአማርኛም «በየቀኑ» እና «በሦስት ቀን» ብሎ ለጠፈበት። እኔ እስካሁን ካየኋቸው የስልጠና ውጤቶች ሁሉ ይህቺን ልጥፍ ወረቀት የሚበልጥ አላየሁም።

ቀጥሎ ግን አንዷ ባልደረባችን ነገሩን አወሳሰበችው። «25 ሚሊ የሚሆነው በሬው 250 ኪሎ ከሆነ ነው። ማን መዘነው?»

ውጭ አንድ በሬ ታስሮ ነበር፣ ባለቤቱ ለሰኮናው አምጥቶት። ሁላችንም ወጥተን ዞረን አየነው፣ በየወረቀታችን ገምተን ጻፍን። ግምቱ ሲነበብ ከ200 ጀምሮ እስከ 350 ድረስ ተበታተነ። 350 ያለውን ልጅ «ለልኳንዳ ነው እንዴ የገመትከው?» ብለን ስቀንበታል። ከዚያ ከልብስ ሰፊ የተዋስነውን ሜትር አወጣን። ከፊት እግሮቹ ጀርባ ደረቱን ዙሪያውን ለካን፣ 150 ሴንቲ ሜትር። ከትከሻው አጥንት ጫፍ እስከ መቀመጫው አጥንት 120። ደረቱን በራሱ ታባዛለህ፣ ያን በርዝመቱ ታባዛለህ፣ ለ10,840 ታካፍላለህ። 249 ኪሎ ወጣ። የስልክ ካልኩሌተር ይበቃል። ሰውዬው ይህን ሁሉ በትዕግሥት ተመልክቶ ሲያበቃ «ታዲያ ስንት ብር ያወጣል?» አለን።

ለበግ ሜትሩ ብዙም አያስኬድም። እህል የሚመዘንበት ተንጠልጣይ ሚዛንና ጆንያ ይሻላል። በግ ላይ ክብደት ማወቅ የሚያስፈልገው በተለይ ለትል ነው። አልቤንዳዞል ለበግና ለፍየል የሚመጣው ባለ 300 ሚሊ ግራም ክኒን ነው፣ ለከብት ደግሞ ባለ 2,500። ገበሬው ለማብቃቃት ብሎ አንዷን ክኒን ለሁለት በግ፣ አንዳንዴም ለሦስት ይከፍላታል። ለሁለት ትናንሽ ጠቦት ከሆነ ልክ ሊሆን ይችላል። ለሁለት ትልልቅ በግ ከሆነ ግን ትሉን ላይገድለው፣ ይልቁንም ሊያስለምደው ይችላል።

እዚህ ላይ ስለ ጉበት ትል ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የእኛ አገር ትልቁ ሌባ እሱ ነው። ከረግረጉ ዳር ያለች ትንሽ ቀንድ አውጣ ታሳድገዋለች፣ ከዚያ ሣሩ ላይ ተጣብቆ በጓን ይጠብቃታል። ክረምቱ ሲወጣ ደጋው ሁሉ ደርቆ ግጦሽ ሲያጣ በጎቹ ወደ ጨፌው ይወርዳሉ፣ ያኔ ይበሉታል። የበሉት ትል ገና ጨቅላ ነው። ጉበቷን እየሰረሰረ ወደ ሐሞት ቧንቧው ይጓዛል፣ ለመድረስም ወራት ይፈጅበታል። አልቤንዳዞል ደግሞ የሚገድለው ያደገውን ብቻ ነው፣ ያውም ለሆድ ትል ከሚሰጠው ከፍ ባለ መጠን። ስለዚህ በጥቅምት በጓ ስትከሳና ስትሞት አልቤንዳዞል አብልተህ «መድኃኒቱ አይሠራም» ብትል፣ መድኃኒቱ ሳይሆን ወሩ ነው ያልሠራው። ጨቅላውንም ያደገውንም የሚገድለው ትሪክላቤንዳዞል ነው። ዋጋው ይወደዳል፣ በሁሉም ቦታም አይገኝም። እሱ ከሌለ አልቤንዳዞሉን ትሉ ሲያድግ ጠብቆ በጥር ገደማ መስጠት ይሻላል። ያረገዘች በግ ካለች ደግሞ አልቤንዳዞል በመጀመሪያው ወር አይሰጣትም፣ ጽንሱን ይጎዳል። አውራው መቼ እንደገባ መጠየቅ የሚገባው ለዚህ ነው። ገበሬው ይህን ጥያቄ ሲሰማ መጀመሪያ ያፍራል፣ በተለይ ጠያቂዋ ሴት ስትሆን። ከዚያ ቀኑን ከነሰዓቱ ይነግርሃል።

ከተቀመጥንባቸው ቀናት ሁሉ ሰው ደጋግሞ የሚያወራው ግን የአዙሪቷን ቀን ነው።

አዙሪት ምን እንደሆነ መንዝ ያደገ ሁሉ ያውቃል። በጓ ጭንቅላቷን ወደ አንድ ጎን አዘንብላ በራሷ ዙሪያ ትዞራለች። ከመንጋው ትለያለች፣ ግድግዳ ትገፋለች፣ አንድ ዓይኗ ይጠፋል። አንዲት እናት እንዲህ የሆነች ቄብ በግ ነድተው መጡ። ግንባሯ ላይ በጋለ ብረት የመተኮስ ጠባሳ አለ። ያደረጉት ቸግሯቸው ነው፣ አያት ቅድመ አያት ያደረገውን። ሐኪሙ መርምሮ ሲጨርስ እውነቱን ነገራቸው፦ ቀዶ ጥገና አለ፣ እኛ ጋ ግን መሣሪያው የለም፣ በመርፌ ደግሞ አትድንም። እሳቸውም አሰብ አደረጉና «እንግዲያው ልትከሳብኝ አይደል፣ ትታረድ» አሉ። ጎረቤታቸው አረደ። ሥጋው የእሳቸው፣ ጭንቅላቱ የእኛ ሆነ።

ክሊኒኩ ደጃፍ ጣውላ ላይ አስቀመጥነው። ቆዳው ከተገፈፈ በኋላ ሐኪሙ አንድ በአንድ እየጠራ አውራ ጣታችንን የራስ ቅሉ ላይ እንድንጫን አደረገን። በቀኝ በኩል አጥንቱ ድንጋይ ነው። በግራ በኩል ግን ሳስቶ ሰርጎድ ይላል፣ ጣትህን ስታነሳ ይመለሳል። ይህን ማንም ስላይድ አያሳይህም። ከዚያ በብረት መጋዝ ዙሪያውን ቆረጠና ክዳኑን አነሳው። አንጎሉ ላይ የዶሮ እንቁላል የሚያክል፣ ውሃ የሞላው፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ከረጢት ተኝቷል። ጠርዙን በስሱ ሲገፋው ሳይፈነዳ ሙልጭ ብሎ ወጣ። ወደ ፀሐይ ሲያነሳው በውስጠኛው ግድግዳ ላይ ነጫጭ ነጠብጣቦች እዚህም እዚያም ተሰብስበው ታዩ። እያንዳንዷ ነጥብ የአንድ ትል ጭንቅላት ናት።

እናትየው ጠጋ ብለው አዩና «ይሄ ነው ያዞራት?» አሉ።

«አዎ፣ ይሄ ነው።»

«ከየት ገባ?»

ሐኪሙ አልመለሰም። «አምና አዙሪት ይዟት የታረደችው በግዎ፣ ጭንቅላቷ የት ሄደ?» ብሎ ጠየቀ።

«ለውሻው ነዋ! ማን ይበላዋል?»

ከዚያ ነገሩን አስረዳቸው። ውሻው ያንን ከረጢት ሲበላ እያንዳንዷ ነጥብ አንጀቱ ውስጥ ረጅም ትል ትሆናለች። ትሏ እንቁላል ትጥላለች፣ እንቁላሉ ከውሻው ኩስ ጋር ግጦሽ ላይ ይቀራል፣ በጓ ከሣር ጋር ትበላዋለች፣ ከዚያ ወደ አንጎሏ ይሄዳል። እሳቸው ጥቂት ዝም አሉና «ውሻዬ ነዋ በጌን የገደለብኝ» አሉ። ጎረቤታቸው ቀበል አድርጎ «እርስዎ አብልተውት» አላቸው። ተሳሳቁ። የቀረውን ጭንቅላት ጉድጓድ ቆፍረን አቃጥለን ቀበርነው። በሳምንቱ የዚያ ጎጥ ሰው ሁሉ ስለ ከረጢቱ ያወራ ነበር። ያላየው ሰው ካየው በላይ አጋኖ ይተርከዋል።

ሐኪሙ ለእኛ የሰጠው ትምህርት ግን ሌላ ነበር። የሚታከመው በጓ ሳትሆን ውሻው ነው። ለውሻ ፕራዚኳንቴል በኪሎ 5 ሚሊ ግራም ይሰጣል፣ ትሉን ያወጣል። ከመካከላችን ፕራዚኳንቴል ክሊኒኩ ውስጥ ያለው ሰው አልነበረም። የመድኃኒት ጥያቄ ስንሞላ ከብት፣ በግ፣ ጋማ ከብት፣ ዶሮ እንላለን። ውሻ የሚል መስመር ማንም አይሞላም። የጓሳን ጥብቅ ስፍራ በሚያዋስኑት ቀበሌዎች የሚሠሩ ባልደረቦቻችን ይህን ሲሰሙ ሌላ ነገር አነሱ። እነሱ ዘንድ የእረኛ ውሻ ከቀይ ቀበሮ ጋር አንድ መስክ ላይ ይውላል። የእብድ ውሻ በሽታ ከውሻ ወደ ቀበሮ ከተሻገረ መንጋውን ክፉኛ ይፈጃል፣ ባሌ ላይ ከአንድ ጊዜ በላይ ደርሷል። ውሻውን ለክትባት ከያዝከው አይቀር የትሉንም አብረህ ብትሰጠው አንድ ድካም ነው። ይህ ሐሳብ ከየትኛውም ቢሮ አልወረደም፣ ቆሎ እየቆረጠምን የመጣ ነው።

አንድ ነገር ሳልጽፍ እንዳላልፍ። ይህን ያነበበ ወጣት ባለሙያ ተነስቶ የሞተ ሁሉ እንዳይከፍት። ድንገት የሞተ፣ ሆዱ ቶሎ የተነፋ፣ ከአፍንጫው ወይም ከፊንጢጣው የማይረጋ ጥቁር ደም የሚወጣው ከብት ካገኘህ ቢላህን ኪስህ ውስጥ ተወው። አባ ሰንጋ ሊሆን ይችላል። በድኑ ካልተከፈተ ጀርሙ ውስጡ አብሮ ይበሰብሳል። ከተከፈተና አየር ካገኘ ግን ቅርፊት ሠርቶ አፈር ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ይቀመጣል። በጥልቅ ይቀበራል፣ ሥጋውም ቆዳውም አይነካም። «አርደን ደረስንበት» የሚል ሰው ካለ ደግሞ እጁንና ፊቱን እየው፣ መሐሉ የጠቆረ ቁስል ካለበት ጤና ጣቢያ አድርሰው። የአባ ሰንጋ ክትባት የምትሰጥ ከሆነም በዚያው ሰሞን ቢጫዋን አትውጋ። ክትባቱ ሕያው ነው፣ አንቲባዮቲኩ ይገድለዋል።

ባልተሰበሰብንበት ሳምንት ቴሌግራም አለ። ሕጉ ጥብቅ ነው። ፎቶ ብቻ ጥሎ «ይህ ምንድን ነው?» ማለት አይቻልም። ዕድሜ፣ ጾታ፣ ስንት በግ ታመመ ከስንት፣ ምን ተሰጠው፣ መቼ ጀመረ። ያልጻፈ ሰው መልስ አያገኝም። ይህቺ ሕግ ራሷ ታስተምራለች፣ ምክንያቱም መልሱን ለመጻፍ ስትል ገበሬውን በደንብ ትጠይቀዋለህ፣ ግማሹን ጊዜ ጽፈህ ሳትጨርስ በሽታውን ታገኘዋለህ። አንድ ጊዜ የገረጣ የዓይን ሽፋን ፎቶ ተለጠፈና ሁሉም «የሆድ ትል» አለ። አንዷ ብቻ «ከመንጋጋዋ ሥር አብጧል? የምትሰማራው ጨፌ ላይ ነው?» ብላ ጠየቀች። የጉበት ትል ነበር። እሱም ደም ያሳጣል። ኔትወርክ ሲጠፋ ግን ሁሉም ነገር ይቆማል፣ ያው ነው።

በስልክ የሚወሰድ ትምህርትም አለ፣ አውቃለሁ። ፋኦ (የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት) በነጻ የሚሰጠው የኢንተርኔት ኮርስ አለ። አውሮፓዊው የአፍተግር ኮሚሽን ደግሞ በሽታው የጀመረበትን ቀን ከምላስ ቁስሉ ዕድሜ ወደ ኋላ ቆጥሮ ማግኘትን ያስተምራል። ይህኛውን ወስጄዋለሁ፣ ግሩም ነው። ፓኬጁ ርካሽ የሚሆነው ሌሊት ስለሆነ ጋቢ ተከናንቤ ነበር የማየው። ችግሩ እኔ ያገኘሁት ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው። ደብተሬ ላይ በአማርኛ ገልብጬ ለቡድኑ አነብላቸዋለሁ። ግማሹ ሰው ከኮርሱ ይልቅ ደብተሩን ይፈልገዋል።

ሌላ አገር እንዴት ነው ብዬ ሳነብ አንድ ነገር አስገረመኝ። እንግሊዝ አገር የእንስሳት ሐኪም በየዓመቱ 35 ሰዓት የሙያ ማጎልበቻ መውሰድ ይጠበቅበታል። የእንስሳት ነርሶችም የራሳቸው 15 ሰዓት አላቸው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ሐኪሙ በሁለት ዓመት 36 ሰዓት፣ የተመዘገበው ቴክኒሽያን 20 ሰዓት ካላሟላ ፈቃዱ አይታደስም። ኬንያም እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣችው ሕግ ሐኪሙንና ከሐኪም በታች ያለውን ባለሙያ አንድ ላይ ነው የያዘው። የገረመኝ የሰዓቱ ብዛት አይደለም። ቴክኒሽያኑ በስሙ የራሱ ሰዓት ተቆርጦለታል። ከሐኪሙ ማዕድ ፍርፋሪ እስኪወርድለት አይጠብቅም። እኛም አገር የሰው ጤና ባለሙያዎች ፈቃዳቸውን ሲያሳድሱ ነጥብ ይጠየቃሉ፣ መምህራንም ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ (ተሙማ) አላቸው። እኛም ቢኖረን እደግፋለሁ። ግን እፈራለሁም። ሰዓት ብቻ ከተቆጠረ ሰርተፍኬት የሚሰበስብ ሰው ይፈጠራል፣ በጎቹ ግን እንደነበሩ ይዞራሉ። ቢቆጠር ደስ የሚለኝ መዝገብ ነው፦ ስንት ሬሳ ከፍተህ ምን አየህ፣ ስንቱን ሕክምና ከሳምንት በኋላ ተመልሰህ ጠየቅህ።

«ረዳትና ቴክኒሽያን ይህን ሁሉ ምን ያደርግለታል?» የሚል ሰው ስብሰባ ላይ አጋጥሞኛል። ለእሱ ያልኩትን እዚህም ልድገመው። ከጣርማ በር ላይ ቁልቁል ስታይ ጭጋጉ ሲገለጥ ከሩቅ የሚታየው ቆላ የአፋር አገር ነው። በ1880 ዓ.ም. ገብቶ የኢትዮጵያን ከብት የፈጀው፣ ክፉ ቀንን ያመጣው የደስታ በሽታ በአገራችን የመጨረሻ መሸሸጊያው እዚያ ነበር። ክትባቱ ነበረ፣ ግን በረዶ ይፈልጋል፣ በዚያ ሙቀት ሐኪሙም ክትባቱም አይደርሱም ነበር። በኋላ ጄፍሪ ማሪነር የሚባል አሜሪካዊ የእንስሳት ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር ያለ ማቀዝቀዣ ለሳምንታት የሚቆይ ክትባት ሠራ። ያንን ክትባት በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከመንጋው ጋር እየተጓዙ የወጉት በአጭር ጊዜ የሰለጠኑ የአፋር አርብቶ አደሮች ናቸው። በራሳቸው ቋንቋ፣ በራሳቸው ከብት ላይ የሰለጠኑ። እ.ኤ.አ. በ2011 በሽታው ከዓለም ጠፋ ተብሎ ታወጀ። አሁን ደግሞ ደስታ መሰል የሚባለውን የበግና የፍየል በሽታ እስከ 2030 (እ.ኤ.አ.) ለማጥፋት ታቅዷል። ክትባቱ ቢሾፍቱ ይመረታል፣ አንድ ጊዜ የተከተበ በግ ቢያንስ ሦስት ዓመት ይጠበቃል። ቢሾፍቱ የተመረተው ጠርሙስ እኔ ቀበሌ ደርሶ፣ ከተበጠበጠ በኋላ ሳይሞቅና ሳይዘገይ ትከሻው ሥር የሚወጋው በማን እጅ ነው? ሰውዬው መልስ አልሰጠኝም፣ ሻይ ዕረፍት ሆነ።

የሚቀጥለው ስብሰባችን ምጥ ላይ ነው። የጠቦቱ ጭንቅላት ወደ ኋላ ሲታጠፍ፣ አንድ እግር ብቻ ሲመጣ፣ ሁለት መንታ ሲጣበቅ እንዴት እንደሚለይ። ሐኪሙ የሞተ ጠቦትና የተቀደደ ጆንያ ይዤ እመጣለሁ ብሏል። ጠቦቱ ጆንያው ውስጥ ይገባል፣ እኛ ዓይናችንን ታስረን በእጃችን ብቻ የትኛው የፊት እግር፣ የትኛው የኋላ እግር እንደሆነ እንናገራለን። ጉልበቱና ቁርጭምጭሚቱ በየት እንደሚታጠፍ ነው ምልክቱ። ጌራ፣ ቀያና ላሎ ወረዳዎች ያላችሁ ባልደረቦች ከቻላችሁ ኑ። ረጅም ጓንት ያለው ይዞ ይምጣ፣ የእኛ አልቋል። ስኳርም እንዲሁ።